«አጠቃቀም» ምን ያህል ይሸከማል? ስለ ዘገምተኛ ላፕቶፕ በተተረጎመ አንድ መመሪያ ላይ የቀረበ ሂስ

1. መነሻ

የሙያ ቃላት ትርጉም ዘወትር የሚመዘነው በመዝገበ ቃላት ሚዛን ነው። ቃሉ ከምንጩ ቃል ጋር ይገጥማል ወይ? ሥርወ ቃሉ የታወቀ ነው ወይ? ለአፍ ይቀላል፣ ለእርባታ ይመቻል ወይ? እየተባለ ይጠየቃል። ጥያቄዎቹ ሁሉ ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ከእነርሱ የማያንስ አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ይኸውም ቃሉን ያነበበ ሰው ቀጥሎ ምን ያደርጋል? የሚለው ነው። በተለይ መመሪያ በሚባለው የጽሑፍ ዓይነት ውስጥ ቃል የሚነበበው ለማወቅ ብቻ ሳይሆን ለማድረግ በመሆኑ፣ የቃል ስሕተት ሳይውል ሳያድር የእጅ ስሕተት ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ነጥብ በአንድ ተጨባጭ ምሳሌ ማሳየት ነው። ምሳሌው የተወሰደው ላፕቶፕ ሲዘገይና ሃርድ ዲስኩ ያለማቋረጥ መቶ በመቶ ሲያሳይ ምን መደረግ እንዳለበት ለማስረዳት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ከተተረጎመ ጥቂት ገጾች ካሉት መመሪያ ነው። የመመሪያውንም ሆነ የተርጓሚውን ስም መጥራት አላስፈለገም። ምክንያቱም የሚተቹት ቃላት የአንድ ሰው ፈጠራዎች ሳይሆኑ በሥልጠና ወረቀቶችና በልዩ ልዩ ትርጉሞች ሲዘዋወሩ የቆዩ፣ ሁላችንም ያለ ጥርጣሬ የተቀበልናቸው ናቸው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከተቀበሉት አንዱ ነበር፤ ያስከተለው ጉዳት ከዚህ በታች ተገልጿል።

2. ስለ መመሪያው በጠቅላላው

አስቀድሞ መልካም ጎኑን መናገር ይገባል። ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፤ የአማርኛን አገባብ ይጠብቃሉ፤ ግሱ በቦታው ነው። በአሁኑ ጊዜ በትርጉም ሥራዎች ላይ የሚታየው በሦስትና በአራት «የሚ» የተተበተበ ሐረግ አይገኝበትም። ተርጓሚው ሥራውን በትጋት እንደሠራ ከመጀመሪያው ገጽ ይታወቃል።

ሆኖም መመሪያው ሁለት ጉድለቶች አሉበት። አንደኛው የአቀራረብ ቅደም ተከተል ነው። መመሪያው ከምርመራ በፊት መድኃኒት ያዝዛል፤ ይህን ዝጋ፣ ያንን አስወግድ ካለ በኋላ በመጨረሻው ገጽ ላይ ዲስኩ ታሞ እንደ ሆነ መመርመር እንደሚገባና የፋይሎችን ቅጂ ወደ ሌላ ዕቃ ማሸጋገር መልካም መሆኑን ይናገራል። ይህ ቅደም ተከተል የመጣው ከምንጩ ጽሑፍ ሊሆን ስለሚችል ተርጓሚውን ብቻ መውቀስ አይቻልም። ሁለተኛው ጉድለት ግን የትርጉሙ የራሱ ነው፤ እርሱም የቃላቱ ጉዳይ ነው። ከዚህ በታች የሚቀርበው ሂስ በዚህ ላይ ያተኩራል።

3. «አጠቃቀም» የሚለው ቃል

መመሪያው የሚጀምረው «የዲስክ አጠቃቀም 100 በመቶ ሲሆን» በሚል ሐረግ ነው። ከዚያም ቃሉ በየገጹ ይመላለሳል፤ የራም አጠቃቀም፣ የባዶ ቦታ አጠቃቀም፣ የኔትወርክ አጠቃቀም ይላል። ለመሆኑ «አጠቃቀም» በአማርኛ ምንድን ነው?

ቃሉ ከ«ተጠቀመ» የተገኘ ነው። ቅርጹም አነጋገር፣ አለባበስ፣ አካሄድ፣ አጻጻፍ፣ አያያዝ ከሚሉት ቃላት ጋር አንድ ነው። የዚህ ቅርጽ ዋና ትርጉም የድርጊቱን ሁኔታ እንጂ የድርጊቱን ብዛት መግለጽ አይደለም። አነጋገር እንዴት እንደሚነገር ነው፤ አለባበስ እንዴት እንደሚለበስ ነው። «አኳኋን» የሚለው ቃል ራሱ በዚሁ ቅርጽ የተሠራ መሆኑ የቅርጹን ጠባይ በሚገባ ያሳያል። በመድኃኒት ማሸጊያ ላይ «አጠቃቀም» የሚል ርእስ ስናይ ቀጥሎ የምንጠብቀው ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ፣ በቀን ስንት ጊዜ የሚለውን ነው። ማንም ሰው ከማሸጊያው ውስጥ ምን ያህል ክኒን እንደ ጎደለ ይነገረኛል ብሎ አይጠብቅም።

እንግዲህ «አለባበሷ መቶ በመቶ ነው» ቢባል ምስጋና ነው፤ አለባበሷ እንከን የለበትም ማለት ነው። በዚሁ ሕግ «የዲስኩ አጠቃቀም መቶ በመቶ ነው» የሚለውን የአማርኛ ተናጋሪ በቋንቋው ጠባይ ቢተረጉመው፣ ዲስኩ በመልካም አያያዝ ላይ ይገኛል የሚል ትርጉም በሰጠው ነበር። እርግጥ ነው፣ አንባቢው ላፕቶፑ እየዘገየ ስለሆነ ምስጋና እንዳልሆነ ይገባዋል። ስለሆነም ሌላ ትርጉም ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም በጣም ቅርብ የሆነውን ነው፤ መቶ በመቶ ማለት ሞልቷል ማለት ነው፣ ይላል። ቃሉ ምንም ስላልነገረው የጎደለውን በግምት ይሞላዋል።

«አጠቃቀም» የሚለውን ቃል ብዛትን ለመግለጽ የምንገለገልበት ጊዜ የለም ማለት አይደለም። የውሃ አጠቃቀም፣ የመብራት አጠቃቀም ይባላል። ነገር ግን በእነዚህም ቢሆን ቃሉ የሚያመዝነው ወደ አያያዝ፣ ወደ ቁጠባ ወይም ወደ ብክነት ነው፤ መጠኑን በቁጥር መናገር ሲያስፈልግ አማርኛ «ፍጆታ» የሚል ቃል አለው። የመብራት ፍጆታ በኪሎዋት ሰዓት ይለካል። ታዲያ «የዲስክ ፍጆታ» ለምን አንልም? ቢባል፣ ይህም አይስማማም። ፈጀ ያለ ነገር አልቋል፤ ዲስክ ግን ሲነበብ አያልቅም። በዲስኩ ላይ የሚያልቅ ነገር ቢኖር ጊዜው ነው። ይህ ነጥብ ወደ ጉዳዩ እምብርት ያደርሰናል።

4. መቶ በመቶው ምን ይለካል?

በእንግሊዝኛ ታስክ ማናጀር የሚባለው የሥራ መቆጣጠሪያ ሰንጠረዥ የዲስክን ዓምድ ከእነ በመቶው ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ወዲህ ነው። በሰንጠረዡ ላይ አራት ዓምዶች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ የማስሊያው አካል፣ የራም፣ የዲስክና የኔትወርክ። አራቱም የመቶኛ ምልክት ይዘዋል። ይሁን እንጂ አራቱ የሚለኩት አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። የራም መቶኛ የቦታ ነው፤ ካለው ቦታ ውስጥ ምን ያህሉ እንደ ሞላ ይናገራል። የኔትወርኩ መቶኛ የመስመሩ አቅም ድርሻ ነው። የዲስኩ መቶኛ ግን የጊዜ ነው፤ ካለፈው ቅጽበት ውስጥ ዲስኩ ለቀረበለት የንባብ ወይም የጽሕፈት ጥያቄ ተይዞ የቆየበትን ድርሻ ያመለክታል። የቦታና የጊዜ ልኮች በአንድ ምልክት ሥር መሰለፋቸው በእንግሊዝኛውም አንባቢን ያሳስታል። በአማርኛው ግን ሁሉንም «አጠቃቀም» በማለታችን ስሕተቱን አጽንተነዋል።

ነገሩን በሚታወቅ ምሳሌ ለመግለጽ፣ አንድ የዕቃ ግምጃ ቤት እናስብ። ግምጃ ቤቱ ግማሽ በግማሽ ባዶ ሊሆን ይችላል። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ግን ከሩቅ መደርደሪያ አንድ ምስማር፣ ከሌላው ጫፍ አንድ ብሎን እያመላለሰ ቀኑን ሙሉ ቀና ለማለት ፋታ ሊያጣ ይችላል። ወረፋው በር ድረስ ይረዝማል። በዚህ ጊዜ «ግምጃ ቤቱ መቶ በመቶ ነው» ቢባል የሚሰማ ሁሉ ዕቃ ወደ ማስወጣት ይሮጣል። ዕቃ ማስወጣት ግን የኃላፊውን እግር አያፈጥነውም።

ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ ቁጥሩም ይመሰክራል። በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ሲገጠም የኖረው መካኒካዊ ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5400 ጊዜ፣ ማለት በሰከንድ 90 ጊዜ ይዞራል። አንዱ ዙር 11 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ስለዚህ የሚነበበው መረጃ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ የዙሩ ግማሽ፣ 5.6 ሚሊ ሰከንድ ይጠበቃል፤ የማንበቢያው ክንድ ከቦታ ወደ ቦታ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ በዚህ ላይ ይጨመራል። በመሆኑም በየቦታው የተበታተኑ ጥቃቅን ንባቦች ሲጠየቁ በሰከንድ መቶ ያህል እንኳ ማስተናገድ አይችልም። እያንዳንዱ ንባብ 4 ኪሎባይት ቢሆን ጠቅላላው በሰከንድ ከ400 ኪሎባይት ያንሳል። ይኸው ዲስክ ተከታታይ የሆነ አንድ ትልቅ ፋይል ሲያነብ ግን ወደ 100 ሜጋባይት ሊጠጋ ይችላል። በሁለቱም ጊዜ ሰንጠረዡ የሚያሳየው መቶ በመቶ ነው። እንግዲህ መቶኛው ስለ ቦታ ቀርቶ ስለ ሥራው ብዛት እንኳ አይናገርም።

ስለሆነም የላፕቶፑን መዘግየት የሚመረምር ሰው ከመቶኛው ቀጥሎ ሁለት ነገሮችን ማየት ይኖርበታል፤ እነርሱም የንባብና የጽሕፈቱ ፍጥነትና አማካይ የምላሽ ጊዜው ናቸው። መቶኛው ከፍ ብሎ ፍጥነቱም ከፍ ካለ ዲስኩ የተሰጠውን ከባድ ሥራ እየሠራ ነው፤ የዊንዶውስ ማሻሻያ እየወረደና እየተጫነ፣ ጸረ ቫይረሱ እየፈተሸ ወይም የፍለጋው ማውጫ እየተዘጋጀ ሊሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ትዕግሥት ይበቃዋል። መቶኛው ከፍ ብሎ ራሙም ሞልቶ ከተገኘ፣ ጠረጴዛ የጠበበው ጸሐፊ ወረቀቱን ወደ መደርደሪያ እየመለሰ መልሶ እንደሚያወጣው ሁሉ፣ ላፕቶፑ በራም ያልበቃውን በዲስክ ላይ እያኖረ መልሶ እያነሣ ነው ማለት ነው፤ መፍትሔው የተከፈቱ ፕሮግራሞችን መቀነስ ወይም ራም መጨመር ነው። መቶኛው ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ከዜሮ ብዙ ሳይርቅ የምላሽ ጊዜው በመቶዎችና በሺዎች ሚሊ ሰከንድ የሚቆጠር ከሆነ ግን ዲስኩ ታሞ፣ የማይነበቡ ክፍሎቹን ደጋግሞ ለማንበብ እየሞከረ ሊሆን ስለሚችል፣ ከማናቸውም ነገር በፊት የፋይሎችን ቅጂ ማውጣት ያስፈልጋል። ሦስቱ ሁኔታዎች ሦስት የተለያዩ እጆችን ይፈልጋሉ። «አጠቃቀም» ሦስቱንም በአንድ መጋረጃ ሸፍኗቸዋል።

5. ከጥፋት የተገኘ ቃል

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን ጉዳይ የተማረው በመጽሐፍ አይደለም። የምሠራበት ላፕቶፕ ለመክፈት ሩብ ሰዓት፣ አንድ ሰነድ ለማስቀመጥ ደቂቃዎች የሚፈጅበት ጊዜ መጣ። መመሪያውን አነበብሁ፤ ሰንጠረዡን ከፈትሁ፤ የዲስክ አጠቃቀም መቶ በመቶ የሚለውን አየሁ። ሞልቷል አልሁ። ምን ያህል ባዶ ቦታ እንዳለ ለማየት አንድ ጊዜ ጠቅ ማድረግ ይበቃ ነበር፤ ቃሉ መልስ የሰጠኝ ስለ መሰለኝ ግን ጥያቄውን አላነሣሁም። ከዚያም ትልልቆቹን ፋይሎች ፈልጌ መሰረዝ ጀመርሁ። ከሁሉም የሚከብዱት የድምፅ ቅጂዎች ነበሩ። ከሸማኔዎች ዘንድ ተቀምጬ የድርና የማግ፣ የመወርወሪያና የቀሰም ቃላትን እየጠየቅሁ የቀዳኋቸው ነበሩ። ቃላቱን በካርድ ላይ ስለ ጻፍኋቸው ድምፁ ቢጠፋ ግድ የለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ላፕቶፑ ቅንጣት ያህል አልፈጠነም። በሦስተኛው ቀን ወደ ጥገና ቤት ወሰድሁት። ወጣቱ ባለሙያ ሰንጠረዡን ከፍቶ የምላሽ ጊዜውን አየና አንገቱን ነቀነቀ። «ዶክተር፣ ዲስኩ አልሞላም እኮ፤ ግማሹ ባዶ ነው። ተይዟል ነው እንጂ። እየሞተ ነው፤ የሚያስፈልግዎትን አሁኑኑ እናውጣ» አለኝ። ከሁሉ በፊት መውጣት የነበረበትን ግን እኔ በገዛ እጄ ሰርዤዋለሁ። ከቅጂዎቹ ጥቂቶቹ በብዙ ድካም ተመለሱ፤ የቀሩት አልተገኙም። ካርዶቹ ቃላቱን ይዘዋል፤ የሸማኔዎቹን ጥብቀትና ላልቶ መነበብ፣ የአፋቸውን ዜማ ግን አልያዙም።

ይህን የጠቀስሁት ለማዘን አይደለም። ሁለት ነገር ስለሚያሳይ ነው። አንደኛ፣ ለሠላሳ ዓመት ያህል የቃላትን ትርጉም ሲመዝን የኖረ ሰው እንኳ ደብዛዛ ቃል ሲገጥመው እንደ ማንኛውም አንባቢ ይሳሳታል። ሁለተኛ፣ ባለሙያው ያለ ኮሚቴና ያለ መዝገበ ቃላት በአንድ ትንፋሽ የተናገረው «አልሞላም፤ ተይዟል» የሚለው አባባል መመሪያው በየገጹ ያጣውን ልዩነት አስቀምጦታል።

6. «ተይዟል»

ቃሉ ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ አይደለም። ስልክ ስንደውል መስመሩ ተይዟል ይባላል፤ መስመሩ ሞልቷል አይባልም። አውቶቡስ ሲሆን ሞልቷል እንላለን። ሐኪሙ ሰው ይዟል ሲባል ክፍሉ በሰው ተጨናንቋል ማለት ሳይሆን፣ አሁን ሌላ ሰው ለማስተናገድ ጊዜ የለውም ማለት ነው። ስለዚህ የቦታን መያዝና የጊዜን መያዝ የመለየቱ ነገር በዕለት ንግግራችን ውስጥ ተደላድሎ የኖረ ነው፤ የጎደለው ከንግግሩ ወደ መመሪያው ማሻገር ብቻ ነው።

ከዚህም በላይ ቃሉ ከእንግሊዝኛው የተሻለበት ነጥብ አለ። በእንግሊዝኛው ሰንጠረዥ ላይ የዲስኩ መቶኛ የሚጠራበትን ስም መመሪያው «ንቁ ጊዜ» ብሎ ተርጉሞታል። ንቁ በአማርኛ የነቃ፣ ያልተኛ፣ አስተዋይ ነው፤ ንቁ ሠራተኛ ማለት ጎበዝ ሠራተኛ ማለት ነው። ነገር ግን በአንዳንድ የዲስክ መቆጣጠሪያዎች ላይ በውስጣዊ ፕሮግራማቸው ጉድለት የተነሣ የቀረበው ጥያቄ በአግባቡ ሳይፈጸም ተንጠልጥሎ ሲቀር፣ ምንም ንባብና ጽሕፈት ሳይኖር ሰንጠረዡ መቶ በመቶ የሚያሳይበት ጊዜ አለ። ይህን ንቁ ማለት ምን ያህል እንደሚያሳስት ግልጽ ነው። ተይዟል ብንል ግን ትክክል ነው፤ የስልኩ እጄታ በቦታው ሳይመለስ ቢቀር ማንም ሳይነጋገርበት መስመሩ እንደሚያዝ ሁሉ ማለት ነው። ትርጉም ከምንጩ ይልቅ ነገሩን ቀርቦ ሊገልጽ እንደሚችል ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

በቃሉ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ መኖሩን አልስትም። «ያዘ» ብዙ ትርጉም ያለው ግስ ነው። ዲስኩ 500 ጊጋባይት ይይዛል ሲባል ስለ ቦታ ነው፤ ወንበሩ ተይዟል ሲባልም የቦታ ነው። ስለዚህ «የዲስክ መያዝ» ብለን ብንተወው ከአንዱ ድብዝዝታ ወጥተን ወደ ሌላው እንገባለን። መፍትሔው ቃሉን ብቻውን አለመተው ነው። «የተያዘበት ጊዜ» ስንል ጊዜ የሚለው ቃል በሩን ይዘጋዋል። ቦታን ለመግለጽ ደግሞ «የሞላ ቦታ» እና «ባዶ ቦታ» ማለቱ ይበቃል። ሁለት ቃል መሆኑ ጉድለት አይደለም፤ የሙያ ቃል ሁሉ ነጠላ ቃል መሆን አለበት የሚል ሕግ የለም።

7. ትእዛዛትና ስሞች

ከ«አጠቃቀም» ቀጥሎ ጥንቃቄ የሚያሻቸው የትእዛዝ አንቀጾች ናቸው። ሥራው አልቆም ያለን ፕሮግራም ለማስቆም የሚያገለግለውን ትእዛዝ መመሪያው «ሥራ ጨርስ» ይለዋል። በአማርኛ ግን ሥራህን ጨርስ የተባለ ሰው የጀመረውን ከዳር ያደርሳል። የትእዛዙ ውጤት ተቃራኒው ነው፤ ፕሮግራሙ ሥራውን ከመካከል ጥሎ ይወጣል፤ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ቢኖር ይጠፋል። ይህን ትእዛዝ ያመነ ጸሐፊ ሰነዱ ተቀምጦ የሚዘጋ መስሎት ሊጫነው ይችላል። «አቋርጥ» ቢባል ግን ቃሉ ራሱ ያስጠነቅቃል።

ሁለተኛው «አጥፋ» ነው። መብራት አጥፋ ስንል መብራቱ ነገም ይበራል፤ ማስረጃ አጥፋ ስንል ግን አይመለስም። መመሪያው ለጊዜው የሚቆመውን አገልግሎትም፣ ለዘለቄታው የሚወገደውን ፋይልም በዚሁ ግስ ያዝዛል። ለአገልግሎት «አስቁም»፣ ለፋይል «ሰርዝ» ቢባል አንባቢው የሚመለሰውንና የማይመለሰውን ለይቶ ያውቃል።

ሦስተኛው ስሞችን የመተርጎም ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ሱፐርፌች የተባለው አገልግሎት፣ ተጠቃሚው አዘውትሮ የሚከፍታቸውን ፕሮግራሞች አስቀድሞ ወደ ራም የሚያቀርብ ነው፤ በመካኒካዊ ዲስክ ላይም አንዳንድ ጊዜ ለዲስኩ ፋታ ማጣት ምክንያት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ወዲህ ስሙ ሲስሜይን ሆኗል። መመሪያው የቀድሞውን ስም «ልዕለ አምጪ» ብሎ ተርጉሞታል። ትርጉሙ በቃል ደረጃ የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም አንባቢው በሰንጠረዡ ላይ ፈልጎ ማግኘት ያለበት በላቲን ፊደል የተጻፈውን ስም ነው። የሰው ስም እንደማይተረጎም ሁሉ በዝርዝር ውስጥ ተፈልጎ የሚገኝ ስምም መተርጎም የለበትም።

በዚሁ አንጻር «ጠንካራ ዲስክ» የሚለውም ትርጉም መታየት አለበት። እንግሊዝኛው ጠንካራ ያለው በዘመኑ ከነበረው ተጣጣፊ ዲስክ፣ ከፍሎፒ፣ ለመለየት ነበር። ፍሎፒ ከዕለት ሥራ ወጥቷል፤ ልዩነቱ ሳይኖር ቅጽሉ ብቻውን ቀርቷል። አማርኛው ይህን ቅጽል ሲወርስ ግን ያልታሰበ ትርጉም ይሰጣል፤ ጠንካራ የተባለ ዕቃ የማይሰበር ይመስላል፤ ይህ ዕቃ ደግሞ ከላፕቶፕ አካላት ሁሉ ለመውደቅና ለመንቀጥቀጥ እጅግ ስስ ከሆኑት አንዱ ነው። ኤስኤስዲ በሚባለው አዲሱ ማኖሪያ ውስጥማ የሚዞር ዲስክ ጨርሶ የለም። «ሃርድ ዲስክ» በተውሶነቱ ቢቀመጥ ምንም ውሸት አይናገርም። «ትውስታ» የተባለውም እንዲሁ «ራም» ቢባል ይሻላል፤ ሕዝቡ ሚሞሪ የሚለውን በስልክ ውስጥ ለሚገባው ካርድ ሰጥቶታልና፣ ሚሞሪ ጨምር የተባለ አንባቢ ካርድ ገዝቶ ቢመጣ አይፈረድበትም።

8. የሚቀርቡ ቃላት

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች ለመመሪያ ተርጓሚዎች የሚከተሉት ቃላት ይቀርባሉ።

(ሀ) የተያዘበት ጊዜ፦ ዲስኩ ለንባብና ለጽሕፈት ጥያቄ ተይዞ የቆየበት የጊዜ ድርሻ፣ በመቶኛ። ምሳሌ፦ ዲስኩ የተያዘበት ጊዜ 100 በመቶ ደርሷል።
(ለ) ፋታ፦ ዲስኩ ያልተያዘበት ጊዜ።
(ሐ) የሞላ ቦታ፣ ባዶ ቦታ፦ የማኖሪያው መጠን ክፍፍል፣ በጊጋባይት።
(መ) የንባብ ፍጥነት፣ የጽሕፈት ፍጥነት፦ በሰከንድ የሚተላለፈው መረጃ መጠን።
(ሠ) የምላሽ ጊዜ፦ ጥያቄው ከቀረበበት እስከ ተፈጸመበት ያለው ጊዜ፣ በሚሊ ሰከንድ።
(ረ) ወረፋ፦ ተራቸውን የሚጠብቁ የንባብና የጽሕፈት ጥያቄዎች።
(ሰ) አቋርጥ፣ አስቁም፣ ሰርዝ፦ በቅደም ተከተል ለፕሮግራም፣ ለአገልግሎትና ለፋይል።

አንባቢ እንደሚገነዘበው ከእነዚህ ውስጥ አዲስ የተፈጠረ ቃል የለም። ሁሉም ከገበያ፣ ከስልክና ከጽሕፈት ቤት ንግግር የተወሰዱ ናቸው። «አጠቃቀም» የሚለውም ቃል ከመመሪያ ይባረር ማለት አይደለም፤ በተፈጥሮ ትርጉሙ፣ ማለትም የዲስክ አያያዝና አገልግሎት በሚብራራበት ክፍል፣ ርእስ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል። ቁጥር ሲከተለው ግን ቦታውን መልቀቅ አለበት።

9. መደምደሚያ

በሙያ ቃላት ላይ የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው የዕቃው ስም ይተርጎም ወይስ በውሰት ይቅር በሚለው ላይ ነው። ከዚህ ምሳሌ እንደ ታየው ግን የዕቃው ስም ብዙም ጉዳት አያመጣም። ዲስክም ተባለ ሌላ፣ አንባቢው ዕቃውን ያውቀዋል። ጉዳት የሚያመጣው የዕቃውን ሁኔታና በዕቃው ላይ የሚፈጸመውን ድርጊት የሚገልጸው ቃል ነው። ሞላ፣ ተያዘ፣ ዘገየ፣ ታመመ፣ አቋረጠ፣ ሰረዘ የሚሉትን አማርኛ ከራሱ ጓዳ አሟልቶ የያዘ ሆኖ ሳለ፣ እኛ ግን ለአንድ የእንግሊዝኛ ስም አንድ የአማርኛ ስም ስንፈልግ እነዚህን ግሶች ሳንጠቀምባቸው እናልፋለን። ስሙን እንደ መጣ ብንቀበለው አንጎዳም፤ ግሱን ግን ከራሳችን መምረጥ ይገባናል።

ስለሆነም የመመሪያ ተርጓሚ የመረጠውን ቃል ለማጽደቅ ከቢሮው ወጥቶ አንድ የማያውቀውን ሰው «ይህን ብታነብ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው። የተተቸው መመሪያ ተርጓሚም ጽሑፉን ዳግመኛ ሲያዘጋጅ በቃላቱ ላይ ከሚያደርገው እርማት ጋር፣ የመጨረሻውን ገጽ ወደ መጀመሪያ አምጥቶ ቅጂ ማውጣትን ከማናቸውም እርምጃ በፊት ቢያስቀምጠው ብዙዎችን ከጥፋት ይጠብቃል። ከላይ በቀረቡት ቃላት ላይ የሙያ ባልደረቦች፣ በተለይም በጥገና ሥራ ላይ ካሉ ሰዎች አፍ የሰሙትን ጨምረው አስተያየታቸውን ቢያቀርቡ ዝርዝሩ ይሟላል፤ የተሳሳተውም ይታረማል።